ለሌፐርድ ጌኮ የቀንና የሌሊት ማሞቂያ አመራረጥ

ውሻም ሆነ ድመት ቤት እንዲገባ የማይፈልግ ወላጅ፣ ልጁ አጥብቆ ሲለምነው በመጨረሻ የሚስማማው ብዙ ጊዜ በአንድ ጸጥተኛ ትንሽ እንስሳ ነው። በኮሎራዶ ግዛት፣ በአውሮራ ከተማ በምንኖርበት ቤት ሌፐርድ ጌኮ የገባው በዚሁ መንገድ ነበር። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር የሚደርስ፣ በቢጫ ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ በደንብ ከተያዘ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ የሚኖር እንሽላሊት ነው። አብሮት በተሸጠልን ካርቶን ውስጥ ሁለት አምፖሎች ነበሩ፤ ነጩ ለቀን፣ ቀዩ ለሌሊት ተብሎ። ቴርሞሜትርም ሆነ ቴርሞስታት (የማሞቂያውን ኃይል የሚቆጣጠር መሣሪያ) ግን አልነበረበትም። የመጀመሪያውን የበረዶ ወራት ቀዩን አምፖል ሌሊቱን ሙሉ እያበራን አሳለፍን፤ ጌኮው ከመደበቂያው የሚወጣበት ጊዜ እያጠረ፣ ስብ የሚያከማችበት ወፍራም ጭራው እየቀጠነ ሄደ። ችግሩ ከእንስሳው ሳይሆን እኛ ከሰጠነው ሙቀትና ብርሃን እንደነበር የተረዳነው ዘግይተን ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላ ቤተሰብ ያንን ወራት እንዳይደግመው ስለምመኝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነገር፣ የቀንና የሌሊት ሙቀት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸው ነው። ለቀን የሚጠየቀው፣ ፀሐይን የሚተካው የትኛው ማሞቂያ ነው የሚል ሲሆን፣ ለሌሊት የሚጠየቀው ግን መጀመሪያውኑ ማሞቂያ ያስፈልጋል ወይ የሚል ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚገኘው በመደብር ሳይሆን በራስዎ ቤት፣ ሌሊት በተቀመጠ ቴርሞሜትር ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የእንስሳው አገር

ሌፐርድ ጌኮ የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታንና የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ድንጋያማና ደረቅ አካባቢዎች ተወላጅ ነው። የሰውነቱን ሙቀት ራሱ ማመንጨት ስለማይችል፣ ምግብ ለመፍጨትም ሆነ በሽታን ለመቋቋም የሚያስፈልገውን ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል። ቀኑን የሚያሳልፈው በድንጋይ ስንጥቅና በጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሲሆን፣ በብዛት የሚንቀሳቀሰው ሲመሽና ጎህ ሲቀድ ነው። በዚያ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ አየሩ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ቀን ፀሐይ ስትመታው የዋለው ድንጋይ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ጌኮውም ሆዱን በዚያ ድንጋይ ላይ አስተኝቶ ይሞቃል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለመድገም የምንሞክረው ይህንኑ ነው፤ ቀን ከላይ የሚመጣ ሙቀት፣ ማታ ሙቀት ያዘለ ድንጋይ፣ ሌሊት ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ አየር።

የሁሉም ጌኮ ፍላጎት አንድ ዓይነት አይደለም። ከኒው ካሌዶንያ ደሴት የመጣው ክሬስትድ ጌኮ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት የሚመቸው ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ28 አልፎ ከቆየ ለአደጋ ይጋለጣል። ለሌፐርድ ጌኮ የሚሆነውን አምፖል በክሬስትድ ጌኮ ሣጥን ላይ ማድረግ እንስሳውን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ለሌፐርድ ጌኮ ብቻ የተጻፉ መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

ድሬዳዋን ወይም ሌላ ቆላ ከተማ የሚያውቅ አንባቢ፣ ማታ በረንዳ ላይ አምፖል ዙሪያ የሚሰበሰቡትን የግድግዳ እንሽላሊቶች ያስታውሳል። ከዚያ ትዝታ ተነሥቶ «ጌኮ የሌሊት ብርሃን ይወዳል» የሚል ወላጅ አጋጥሞኛል። እነዚያ እንሽላሊቶች ግን አምፖሉ ሥር የሚያደቡት ብርሃኑ የሚስባቸውን ትንኞችና የእሳት ራቶች ለመያዝ ነው፤ ሲጠግቡ ወደ ጨለማው ስንጥቃቸው ይመለሳሉ። በሣጥን ውስጥ ያለ ጌኮ ግን ብርሃኑን ሸሽቶ የሚሄድበት ሌላ ግድግዳ የለውም።

አንደኛ፦ የክፍሉን ሌሊት ይለኩ

ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀትን መዝግቦ የሚያስቀር ዲጂታል ቴርሞሜትር ይግዙ። ሣጥኑ ሊቀመጥበት በታሰበው ቦታ፣ በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ ያኑሩትና ለአንድ ሳምንት ያህል በየጠዋቱ የሌሊቱን ዝቅተኛ ቁጥር ይጻፉ። ሳምንቱ ከዓመቱ ቀዝቃዛ ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ በበጋ የሚጀምር ሰው ደግሞ በረዶው ሲገባ ልኬቱን መድገም ይኖርበታል።

ኮሪደሩ ላይ ያለው የቤቱ ሂተር መቆጣጠሪያ የሚያሳየውን ቁጥር አይመኑ። በእኛ ቤት መቆጣጠሪያው 68 ፋራናይት፣ ማለትም 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለ፣ በልጄ ክፍል በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ንጋት ላይ የተመዘገበው 61 ፋራናይት፣ ወደ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነበር። ያን ጠረጴዛ ትተን ሣጥኑን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ስናዛውረው የሌሊቱ ዝቅተኛ ቁጥር ወደ 66 ፋራናይት ከፍ አለ። አንዲት ሳንቲም ሳናወጣ፣ ለሌሊት ማሞቂያ መግዛት እንደማያስፈልገን በዚህ አረጋገጥን። ስለዚህ ሣጥኑን ከመስኮት፣ ከውጭ በርና ከሂተር መተንፈሻ ያርቁ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚመታው የመስታወት ሣጥን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ገዳይ በሆነ ደረጃ ሊግል ስለሚችል፣ በመስኮት በኩል የሚገባ ፀሐይ እንዳያገኘው በተለይ ይጠንቀቁ።

ሁለተኛ፦ ሣጥኑን ሙቅና ቀዝቃዛ ጫፍ ያለው ያድርጉት

ለአንድ አዋቂ ሌፐርድ ጌኮ 90 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 45 ሳንቲሜትር ወርድና ወደ 45 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ሣጥን ተስማሚ ነው። ርዝመቱ ዋናው ነገር ነው፤ ማሞቂያው በአንዱ ጫፍ ብቻ ተሰብስቦ፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቅዞ ሊቆይ የሚችለው በመካከላቸው በቂ ርቀት ሲኖር ነው። እንስሳው የሰውነቱን ሙቀት የሚያስተካክለው ከአንዱ ወደ ሌላው በመሄድ ስለሆነ፣ ሁሉም ቦታ እኩል የሞቀበት ሣጥን፣ ቁጥሩ ትክክል ቢመስል እንኳ፣ ምርጫውን ይነፍገዋል።

በሙቁ ጫፍ ከአምፖሉ በታች ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስቀምጡ። ከሥሩ ባዶ ቦታ ትተው መደበቂያ ካደረጉለት፣ ጌኮው ቀን ላይ ለብርሃኑ ሳይጋለጥ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ መሞቅ ይችላል። ድንጋዩ ተንሸራትቶ እንዳይጨፈልቀው በአሸዋው ላይ ሳይሆን በቀጥታ በሣጥኑ ወለል ላይ የቆመ ድጋፍ ያድርጉለት። በቀዝቃዛው ጫፍ ሌላ መደበቂያና የውኃ ሳሕን ይኑር፤ በመካከል ደግሞ እርጥብ ሞስ (ድንጋይና እንጨት ላይ የሚበቅል ለስላሳ ተክል) ወይም እርጥብ የወጥ ቤት ወረቀት ያለበት ሦስተኛ መደበቂያ ያስፈልጋል። ይህ ሦስተኛው ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሂተር ሌትና ቀን በሚሠራበት ደረቅ ቤት ውስጥ ቆዳው በሚገፈፍበት ጊዜ በጣቶቹ ላይ ደርቆ ስለሚቀር፣ ሳይለቀቅ ከሰነበተ የደም ዝውውሩን አግዶ ጣት እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ሊደርሱባቸው የሚገቡት ቁጥሮች የሚከተሉት ናቸው። የድንጋዩ ገጽ ቀን ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ከ90 እስከ 95 ፋራናይት፤ ከድንጋዩ ሥር ያለው ሙቅ መደበቂያ ከ30 እስከ 32፤ ቀዝቃዛው ጫፍ ከ22 እስከ 25። ሌሊት ደግሞ ሣጥኑ በሙሉ ወደ 18 ወይም 20 ዲግሪ ቢወርድ ጤናማ ለሆነ አዋቂ ጌኮ መልካም ነው።

ሦስተኛ፦ የቀን ማሞቂያውን ይምረጡ

ለቀን ምርጫዬ ያለ ማመንታት ሃሎጅን አምፖል ነው፤ ምክንያቱም ከሚያወጣው ጨረር ጋር የተያያዘ ነው። ከፀሐይ ሙቀት ግማሽ ያህሉ ወደ እኛ የሚደርሰው ኢንፍራሬድ በሚባለው የማይታይ ጨረር ሲሆን፣ ይህ ጨረር እንደ ሞገዱ ርዝመት ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብሎ ይከፈላል። ኤ የተባለው ቆዳን አልፎ ወደ ጡንቻ ጠልቆ ይገባል፤ ሲ የተባለው ደግሞ በቆዳው ገጽ ላይ ይቀራል። ከፀሐይ የምናገኘው ሙቀት በኤ እና በቢ የበለጸገ ነው፤ ከተራ ማሞቂያዎች መካከል ለዚህ የሚቀርበው ሃሎጅን ሲሆን፣ ብርሃን የማይሰጠው የሴራሚክ ማሞቂያና ከሣጥኑ ሥር የሚለጠፈው የማሞቂያ ምንጣፍ የሚያወጡት ግን በአብዛኛው ሲን ነው። በጥር ወር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የሚሞቅ ሰውና የጋለ ምጣድ አጠገብ የቆመ ሰው የሚሰማቸው ሙቀት አንድ ዓይነት አይደለም፤ የመጀመሪያው ውስጥ ድረስ ይዘልቃል፣ ሁለተኛው ቆዳን ይለበልባል። ለጌኮውም ልዩነቱ ይኸው ነው።

አምፖሉን ሲገዙ ሦስት ነገሮችን ያረጋግጡ። በመጀመሪያ፣ ብርሃኑን ሰፋ አድርጎ የሚበትነው ዓይነት ይሁን እንጂ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያተኩረው አይሁን፤ ጠባብ ጨረር የእንስሳውን ጀርባ በአንድ ቦታ ሊያቃጥል ይችላል። ቀጥሎ፣ በካርቶኑ ላይ በግልጽ ሃሎጅን የሚል መኖሩን ያንብቡ፤ በተመሳሳይ ቅርጽ የሚሸጠው ኤልኢዲ አምፖል ደማቅ ብርሃን ቢሰጥም ለዚህ ሥራ የሚረባ ሙቀት የለውም። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ኃይል የሚያባክኑ ተራ አምፖሎችን መሸጥ የሚከለክለው ደንብ ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ ስለዋለ፣ በመደብሮች መደርደሪያ ላይ ሃሎጅን እንደ ድሮው በቀላሉ አይገኝም፤ ተስማሚውን ሲያገኙ አንድ መለዋወጫ ጨምረው ይግዙ። ሦስተኛው የዋቱ መጠን ነው። ከላይ በተጠቀሰው ሣጥን፣ አምፖሉ ከድንጋዩ ወደ 30 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ክፍሉም 21 ዲግሪ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 75 ዋት ይበቃል። 75 ዋት አምፖል በቀን ለ12 ሰዓት ቢበራ የሚፈጀው ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያነሰ ስለሆነ፣ ወጪውን ፈርቶ ደካማ አምፖል መግዛት አያስፈልግም። ይሁን እንጂ «ለማንኛውም ይበልጥ ይሙቅ» ብሎ 150 ዋት መግዛት ከደካማው የባሰ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱን ስለ ቴርሞስታት በምጽፍበት ቦታ እመለስበታለሁ።

የአምፖሉ መያዣ ከሴራሚክ የተሠራ መሆን አለበት፤ የፕላስቲክ መያዣ በሙቀቱ ይቀልጣል። መያዣው በብረት ጥላ የተከበበና በላዩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዋት ከአምፖልዎ የማያንስ ይሁን። አምፖሉ ከሣጥኑ ሽቦ ክዳን በላይ ይቀመጥ እንጂ ያለ መከለያ ወደ ውስጥ አይግባ።

ስለ ማሞቂያ ምንጣፍ ብዙ ስለሚጠየቅ ጥቂት ልበል። ከሣጥኑ ሥር የሚለጠፈው ምንጣፍ ለዓመታት ለሌፐርድ ጌኮ እንደ ዋና ማሞቂያ ሲመከር ኖሯል፤ ሆዱን ያሞቅለታል፣ በእርግጥም ከምንም ይሻላል። ነገር ግን የሚያሞቀው የነካውን ወለል ብቻ ነው፤ አየሩን አያሞቅም፤ ወፍራም አፈር ከተነሰነሰበትም ሙቀቱ ወደ ላይ አይደርስም። ያለ ቴርሞስታት ሲሰካ ደግሞ የወለሉ መስታወት የእንስሳውን ሆድ እስኪያቃጥል ድረስ ሊግል ይችላል። ያለዎት እሱ ብቻ ከሆነ በቴርሞስታት ይጠቀሙበት፤ አዲስ የሚገዙ ከሆነ ግን ገንዘብዎን በሃሎጅኑ ላይ ያውሉ። ኤሌክትሪክ የሚሰካበት ሰው ሠራሽ የሚሞቅ ድንጋይ ግን በነጻ ቢሰጥዎትም አይጠቀሙበት፤ አንዱ ቦታው ከሌላው ይልቅ እየጋለ ብዙ እንስሳትን አቃጥሏል።

አራተኛ፦ ከማሞቂያው ጋር የሚስማማ ቴርሞስታት

ቴርሞስታት በሣጥኑ ውስጥ በምትቀመጥ ትንሽ ሙቀት ለኪ አማካይነት የማሞቂያውን ኃይል የሚቆጣጠር መሣሪያ ነው። ሦስት ዓይነት ሲሆን አንዱ የሌላውን ሥራ በደንብ አይሠራም። ኃይሉን ቀስ በቀስ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዓይነት ለሃሎጅን ይሆናል። ኃይሉን በአጫጭር ምት የሚልከው ብርሃን ለሌላቸው ማሞቂያዎች የተሠራ ነው፤ ሃሎጅን ቢሰኩበት አምፖሉ እየተርገበገበ እንስሳውን ያስጨንቀዋል። የሚያበራና የሚያጠፋ ብቻ የሆነው ርካሹ ዓይነት ለማሞቂያ ምንጣፍና ለሴራሚክ ይበቃል፤ ለሃሎጅን ግን አይመከርም፤ አምፖሉ በሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ሲበራና ሲጠፋ ዕድሜው ያጥራል፣ ለጌኮውም ቀኑ ተቆራርጦ ይመሽበታል።

ለኪዋን የሚያስቀምጡበት ቦታ ከመሣሪያው ዋጋ ይበልጣል። በድንጋዩ ገጽ ላይ፣ ከጨረሩ መሐል ትንሽ ፈቀቅ ብላ፣ እንስሳው ሊጎትታት በማይችልበት ሁኔታ ሽቦዋን በድንጋይ አስይዘው ያስቀምጧት። በሙጫ ፕላስተር ግን አይለጥፉ፤ የጌኮ ቆዳ ከተጣበቀበት ሲላቀቅ ይላጣል። በእኛ ቤት ጌኮው አንድ ማታ ጉድጓድ ሲቆፍር ለኪዋን ከድንጋዩ ላይ አውርዶ ወደ ቀዝቃዛው አሸዋ ገፍቷት ነበር። በማግስቱ ቴርሞስታቱ ያነበበው የአሸዋውን 24 ዲግሪ ስለሆነ፣ ድንጋዩ ገና አልሞቀም ብሎ አምፖሉን እስከ ሙሉ ኃይሉ አበራው። ጉዳት ያልደረሰው አምፖሉ ትንሽ ስለነበረ ብቻ ነው፤ የድንጋዩ ገጽ 38 ደርሶ እዚያው ቆመ፣ እንስሳውም ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሸሸ። አምፖሉ 150 ዋት ቢሆን ኖሮ ቀዝቃዛ የሚባል ጫፍ አይኖርም ነበር። ከላይ ያልኩት ምክንያት ይህ ነው፤ ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ቢበላሽም እንኳ አምፖሉ ብቻውን እንስሳውን የማይገድል እንዲሆን አድርገው ዋቱን ይምረጡ።

አምስተኛ፦ ጌኮው ሳይገባ በፊት ይሞክሩት

ሣጥኑን ሙሉ በሙሉ ካደራጁ በኋላ፣ ጌኮው ሳይገባበት ቢያንስ ለሁለት ቀን እንዲሠራ ያድርጉ። በመጀመሪያው ቀን ቴርሞስታቱን አልፈው አምፖሉን በቀጥታ ሶኬት ላይ ሰክተው ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ያብሩትና የድንጋዩን ገጽ ይለኩ። ከ40 ዲግሪ ካለፈ አምፖሉን ከፍ ያድርጉት ወይም በአነስተኛ ዋት ይተኩት፤ 32 ካልደረሰ ድንጋዩን ከፍ ያድርጉ ወይም አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ዋት ይሞክሩ። የአምፖሉ ርቀት በጥቂት ሳንቲሜትር ሲለወጥ እንኳ ሙቀቱ በግልጽ ስለሚለወጥ፣ አዲስ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት ርቀቱን ማስተካከል ይቀድማል። በሁለተኛው ቀን ቴርሞስታቱን በ33 ዲግሪ ላይ አድርገው በዚያ ጸንቶ መዋሉን ይመልከቱ።

የድንጋይ ገጽ የሚለካው ወደ ቦታው አነጣጥረው ቁጥሩን በሚያነቡበት የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ሲሆን፣ አየሩና መደበቂያው የሚለኩት ግን ሽቦ ባለው ዲጂታል መለኪያ ነው። በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ባለ ክብ ሰሌዳ መለኪያ የሚነግርዎ የመስታወቱን ሙቀት ስለሆነ አይጠቅምም። ኢንፍራሬዱም በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ የተሳሳተ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ሁልጊዜ በድንጋዩ ወይም በእንጨቱ ላይ ያነጣጥሩ።

ስድስተኛ፦ የሌሊቱን ውሳኔ ይስጡ

አሁን በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ጻፉት ቁጥር ይመለሱ። የክፍሉ የሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም 64 ፋራናይት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ጌኮው ጤናማ አዋቂ ከሆነ፣ ሌሊት ምንም ማሞቂያ አይጠቀሙ። ይህ ብዙ ወላጆችን ያስጨንቃል፤ እኛ ብርድ ልብስ ስንደርብ እንስሳውን ያለ ሙቀት መተው ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ቅዝቃዜው በተወለደበት ምድር የለመደው የሌሊት ዕረፍቱ ነው፤ ቀን በቂ ሙቀት እስካገኘ ድረስ የሌሊቱ መቀዝቀዝ አይጎዳውም።

ቁጥሩ በ16 እና በ18 መካከል ከሆነ፣ ውሳኔው የእንስሳው ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። ለጠንካራ አዋቂ ይህም የሚቻል ነው፤ ለጫጩት፣ ለታመመ፣ ለከሳ ወይም እንቁላል ለያዘች ሴት ግን ማሞቂያ ይጨምሩ። ከ16 በታች የሚወርድ ክፍል ከሆነ ለማንኛውም ጌኮ የሌሊት ማሞቂያ ያስፈልጋል።

የሌሊት ማሞቂያ ብርሃን ፈጽሞ የሌለው መሆን አለበት። ቀይና ሰማያዊ አምፖሎች የሚሸጡት «ጌኮ ይህን ብርሃን አያይም» በሚል ነው። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ ሄልሜት ጌኮ የተባለው የሌሊት እንሽላሊት የሰው ዓይን ቀለም መለየት በማይችልበት ደብዛዛ የጨረቃ ብርሃን ሰማያዊን ከግራጫ ለይቶ እንደሚያይ አሳይተዋል። ይህን ያህል ንቁ ዓይን ላለው ፍጥረት ሰማያዊ አምፖል ማለት ያልመሸ ቀን ማለት ነው። ቀዩም ቢሆን ከቀይ ሌላ የሚያፈስሰው ብርሃን ስላለ ጨለማ አይሆንለትም። የእኛ ጌኮ ቀዩን አምፖል ባጠፋን በአራተኛው ማታ ከመደበቂያው ወጥቶ ሣጥኑን ዞረ፤ ልጄ በኮሪደሩ ብርሃን በበሩ ስንጥቅ እያየችው ትንፋሿን ውጣ ቆመች።

ብርሃን ከሌላቸው ማሞቂያዎች መካከል ሁለቱ ይጠቅማሉ። አንደኛው የሴራሚክ ማሞቂያ ነው፤ እንደ አምፖል ወደ መያዣው የሚጠመዘዝ፣ አየሩን የሚያሞቅ፣ ዕድሜው ረጅም የሆነና ዋጋውም የማይከብድ ነው። ሁለተኛው ዲፕ ሂት ፕሮጀክተር የሚባለው ሲሆን፣ ያለ ብርሃን ከሴራሚኩ የተሻለ ጠልቆ የሚገባ ጨረር ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። የሌሊቱ ዓላማ ሣጥኑን ከቅዝቃዜ መጠበቅ ብቻ ስለሆነ ለብዙ ቤተሰብ ሴራሚኩ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። የትኛውንም ቢመርጡ የራሱ መያዣና የራሱ ቴርሞስታት ይኑረው፤ ለኪዋን በሙቁ ጫፍ ከወለሉ ጥቂት ከፍ አድርገው አየር ላይ ይስቀሏትና በ19 ዲግሪ ላይ ያስተካክሉት። የሣጥኑ አየር ከዚያ በላይ ሲሆን ማሞቂያው በራሱ ይጠፋል፤ ሲወርድ ይበራል። የሴራሚኩ ገጽ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ስለሚችልና ብርሃን ስለሌለው መጋሉን ዓይን አያይምና፣ ካጠፉት በኋላም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት በእጅ አይነካ፤ ልጆችም ይህን አስቀድመው ይወቁ።

ሰባተኛ፦ ቀኑንና ሌሊቱን በታይመር ያገናኙ

የቀኑን አምፖል በታይመር ላይ ይሰኩት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ በታይመሩ ላይ ደግሞ ከ7 እስከ 19 ብሎ መጀመር ይቻላል፤ በበጋ ወደ 14 ሰዓት ማራዘም፣ በበረዶ ወራት ወደ 10 ወይም 11 ሰዓት ማሳጠር ከተፈጥሮው ጋር ይስማማል። ታይመሩ ከቴርሞስታቱ በፊት ግድግዳው ላይ የሚሰካ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የተሞላለትን ቁጥር የማይረሳ መሆኑን አስቀድመው ይፈትሹ።

ምግብ ከሙቀቱ ጋር ተያይዞ መሰጠት አለበት። ጌኮ የዋጠውን ፌንጣ የሚፈጨው በሙቀት ስለሆነ፣ ሆዱ ሞልቶ በቅዝቃዜ ውስጥ ካደረ ምግቡ ሳይፈጭ ሊቆይ፣ አልፎም ሊያስመልሰው ይችላል። አምፖሉ ከመጥፋቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በፊት ይመግቡት። ወፍራሙ ድንጋይ ጥቅሙ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። በእኛ ሣጥን አምፖሉ ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ የድንጋዩ ገጽ 27 ዲግሪ ይገኛል፤ ጌኮው በጨለማው ወጥቶ አራት እግሮቹን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ሆዱንና አገጩን ድንጋዩ ላይ ለጥፎ ዓይኖቹን ይጨፍናል። የዓይን ቆብ ያለው ጌኮ ስለሆነ ሲጨፍን በግልጽ ይታያል፤ ከጌኮዎች አብዛኞቹ ይህ የላቸውም።

ስምንተኛ፦ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን እንስሳውንም ያንብቡ

ጌኮው ቀኑን ሁሉ በቀዝቃዛው ጫፍ የሚቆይ ከሆነ ሙቁ ጫፍ ከመጠን በላይ ግሏል፤ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ከሆነ ደግሞ አደጋ ነውና አምፖሉን ወዲያውኑ ያጥፉ። ሌትም ቀንም ከሙቁ መደበቂያ የማይወጣ፣ ምግብ የሚተው፣ እንቅስቃሴው የተጎተተ ከሆነ ሙቀቱ ማነሱን ይጠርጥሩና ድንጋዩን እንደገና ይለኩ። ሆዱ ላይ የቀላ ወይም የጠቆረ ቦታ ካዩ ቃጠሎ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚሳቡ እንስሳትን የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ሆነው እንስሳው እየከሳ ከሄደም እንዲሁ ወደ ሐኪም ነው፤ ሙቀት መጨመር በሽታን አያድንም።

ዘጠነኛ፦ የእሳት ጥንቃቄና የመብራት መቋረጥ

አምፖሉ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ይራቅ፤ መያዣው በመቆንጠጫ ብቻ የተንጠለጠለ ከሆነ ሲወድቅ ምንጣፍ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ በሰንሰለት ወይም በሽቦ ሁለተኛ ማሰሪያ ይጨመርለት። ገመዶቹ ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ዝቅ ብለው የሚታጠፉበት ቦታ ይኑራቸው፤ ውኃ ቢፈስስ በገመዱ ወርዶ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ከመታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል። በክፍሉ ውስጥ የሚሠራ የጭስ ማስጠንቀቂያ መኖሩን ያረጋግጡ። ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ኢትዮጵያ የሚወስድ ሰው ካለ ደግሞ፣ ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ አምፖል በአገር ቤቱ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ከተሠራለት እጅግ የበለጠ ኃይል ስለሚስብ ወዲያው ይቃጠላል፣ ሊፈነዳም ይችላልና፣ አምፖሉንም ቴርሞስታቱንም ለ220 የተሠራ አድርጎ ይግዛ።

በበረዶ ወጀብ መብራት ቢቋረጥ ጤናማ አዋቂ ሌፐርድ ጌኮ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ቅዝቃዜን ይችላል። አየር የሚገባበት ቦታ ትተው ሣጥኑን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ይጠቅልሉት። ክፍሉ ከ15 ዲግሪ በታች ከወረደ በጋዝ ምድጃ የሞቀ ውኃ በጠርሙስ ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው በአንዱ ጫፍ ያስቀምጡ፤ ጠርሙሱ እጅ ሳይሸሽ የሚይዘው ሙቀት ብቻ ይኑረው፣ ሲቀዘቅዝም ይለወጥ። መብራቱ እስኪመለስና ድንጋዩ አንድ ሙሉ ቀን እስኪሞቅ ድረስ ምግብ አይስጡት፤ ውኃ ግን አይለየው።